«ዩሪያን እርሱት» ላሉት ጸሐፊ፦ የአፈር ባክቴሪያ ለቲማቲም ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም

ሰሞኑን በደቡብ ወሎ፣ በኮምቦልቻና በቃሉ አትክልት አምራቾች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። «ዩሪያን እርሱት፣ ባክቴሪያው ይበቃል» ይላል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠቃሚ የአፈር ባክቴሪያ ያለበትን ህያው ማዳበሪያ ገዝቶ የቲማቲም ችግኙን የነከረ ገበሬ ከእንግዲህ እንደ ዩሪያና ኤንፒኤስ ያለ የፋብሪካ ማዳበሪያ አያስፈልገውም ይላል። ለባቄላ የሚሸጠው የባክቴሪያ ዱቄት ለቲማቲምም ይሆናል። አጠውልግ የተባለው በሽታ የያዘውን ማሳም ያድናል ይላል። የትም ቢቀመጥ አይበላሽም፣ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር ተደባልቆ ይረጫል። ፍግና ኮምፖስት «የድሮ ድካም» ናቸው። ህያው ማዳበሪያው ከገበያ ከጠፋም በስኳርና በእርጎ ቤት ውስጥ ማባዛት ይቻላል። ከደሴ እስከ ከሚሴም ለሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ነው ይላል።

እኔ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ሰው ስለ አፈር ባክቴሪያ እንዲሰማ ስወተውት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩ አደባባይ መውጣቱ ያስደስተኛል። የተጻፈው ነገር ግን አሳስቦኛል። ይህን ጽሑፍ አምኖ ዩሪያውን የተወ ገበሬ፣ በአበባ ሰዓት ማሳው ብጫ ሲሆንበት የሚረግመው ጸሐፊውን አይደለም። ባክቴሪያውን ነው። ገበሬ አንዴ የከሰረበትን ነገር ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ አይነካውም፤ እውነቱም ከሱ ጋር ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከተስማማንበት ልጀምር። ጸሐፊው የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን አስመርሮታል ብለዋል። ልክ ናቸው። ዩሪያውም ኤንፒኤሱም የሚመጣው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የዓለም ገበያ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ እዚህ ያለው አምራች ቀጥታ ቀምሶታል። በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚገባውን ከባድ መኪና ቆሞ የሚያይ ገበሬ ማዳበሪያው ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ችግኝን ከመትከል በፊት ሥሩን በባክቴሪያ ውህድ መንከር ጥሩ ዘዴ ነው ያሉትም ትክክል ነው። ትንሽ ምርት ብዙ ችግኝ ያዳርሳል፣ ባክቴሪያውም ከሥሩ ጋር ገና ከጅምሩ ይገናኛል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል።

«ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚያመጣ ዩሪያ አያስፈልግም»

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ ደግሞ 19 ኪሎ። ቲማቲም በበኩሉ ለእያንዳንዱ 10 ኩንታል ፍሬ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ ናይትሮጅን ከማሳው ይዞ ይወጣል። ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ፣ 200 ኩንታል የሰበሰበ ሰው በፍሬው ብቻ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ናይትሮጅን በሳጥን ጭኖ ወደ ደሴ ገበያ ልኳል ማለት ነው። ቅጠሉና ግንዱ የወሰደው ገና አልተቆጠረም።

አሁን ባክቴሪያው የሚያመጣውን እንይ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑ እውነት ነው። ለቲማቲም ከሚቀርቡት ባክቴሪያዎች መካከል አዞቶባክተርና አዞስፒሪለም ይህን ናይትሮጅን መያዝ መቻላቸውም እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ በአፈር ውስጥ ልቅ ሆነው የሚኖሩ ናቸው። በአንድ ሄክታር በዓመት የሚይዙት ብዙውን ጊዜ 20 ኪሎ አይሞላም። ያቺንም ቢሆን የሚይዙት ለራሳቸው ነው። ለቲማቲሙ የሚደርሰው ባክቴሪያው ሞቶ ሲበሰብስ ነው። በሦስትና በአራት ወር የሚያልቅ ሰብል ይህን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። 46 ኪሎውን ጥሎ በዚህ ልተካው የሚል ሰው ሂሳቡ ውሃ አይቋጥርለትም።

ይህ ተስፋ አዲስም አይደለም። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አዞቶባክተርና ፎስፈረስ ፈቺ ባክቴሪያ በሚሊዮን ሄክታር በሚቆጠር መሬት ላይ ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ ከማሳ ማሳ ተለያየ። አንዱ ጋ ምርት ጨመረ፣ ሌላው ጋ ምንም ለውጥ አልታየም። በኋላ ጉዳዩን በጥንቃቄ የፈተሹ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነገር ግን ዛሬም ይጠቅመናል። ምርት ጨመረ በተባለበት ቦታ ሥራውን የሠራው በአብዛኛው ከአየር የተያዘው ናይትሮጅን አልነበረም። ባክቴሪያው የሚያመነጨው፣ ሥርን የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ነበር።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ጭራሽ አልነኩትም። አዞስፒሪለምና እንደ ባሲለስ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክሲን የሚባለውን የዕፅዋት የእድገት ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን ሥሩን ያበዛዋል፣ ፀጉር መሰል ሥሮቹንም ያረዝማቸዋል። ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ለተከላ ከደረሰ መደብ ላይ የታከመ ችግኝና ያልታከመ ችግኝ አፈሩን ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ በጥንቃቄ ንቀሉ። ባክቴሪያው በደንብ የያዘለት ችግኝ ሲነቀል አፈሩን ይዞ ይወጣል። ብታራግፉትም ቶሎ አይለቅም፤ ጥቃቅኖቹ ሥሮች ጭብጥ አድርገው ይይዙታል። ያኛው ግን ነጠላ ክር መስሎ፣ ሥሩ እርቃኑን ይወጣል። ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ የማይታይበት ጊዜም አለ። ሲታይ ግን በዓይን ይታያል።

ሥር በዛ ማለት ማሳ ላይ የተበተነው ዩሪያ ብዙው ወደ ተክሉ ገባ ማለት ነው። በቦይ ውሃ ታጥቦ የሚጠፋው ወይም ወደ አየር የሚተነው ይቀንሳል። የባክቴሪያው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተሰጠው ማዳበሪያ እንዳይባክን ያደርጋል። ማዳበሪያው ከሌለ ግን የሚያድነው ነገር የለውም።

በቁጥር ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት በቲማቲም ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ሁለት የባሲለስ ዝርያዎችን፣ ከሥር ጋር ከሚኖር ጠቃሚ ፈንገስ ጋርም ጭምር፣ በተለያየ የማዳበሪያ መጠን ላይ ሞከሩ። የሚመከረውን ማዳበሪያ 75 በመቶ ብቻ ሰጥተው ባክቴሪያ ሲጨምሩበት፣ ተክሉ ሙሉ ማዳበሪያ ካገኘውና ባክቴሪያ ካልተሰጠው እኩል ሆነ። ከ75 በመቶ በታች ሲወርዱ ግን ውጤቱ አስተማማኝነቱን አጣ። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ሙከራው የተደረገው በግሪን ሃውስ ውስጥ ነው፤ የቃሉ ማሳ ደግሞ ግሪን ሃውስ አይደለም። ስለዚህ ሩብ መቀነስን እንደ መጨረሻው ወሰን እንጂ እንደ መነሻ አላየውም።

በቃሉ ወረዳ ሐርቡ አካባቢ አንድ አባት ይህን ስነግራቸው ብዙ የተማረ ሰው የማይጠይቀውን ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እሱን ተወውና ከዩሪያዬ ስንት ልቀንስ?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሴም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ በአንድ ጥማድ ላይ፣ ቢበዛ ከአራት እጅ አንዱን፣ ያውም ሌላው ማሳ እንደ ወትሮው እየተያዘ። ጽሑፉ ግን ለኚህ አባት የሚላቸው «ሁሉንም ጣሉት» ነው። የቲማቲም ወጪ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ አይደለም። የመድኃኒት አለ፣ የውሃ ሞተር ነዳጅ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ። ያን ሁሉ ያወጣ ሰው አንድ መኸር ቢበላሽበት ብድር ውስጥ ይገባል። «ሞክሩት፣ ምን ትጎዳላችሁ» ብሎ መጻፍ የሚቻለው ወጪው የሌላ ሰው ሲሆን ነው።

ፎስፈረስን በተመለከተ ጸሐፊው ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። በአፈራችን ውስጥ ፎስፈረስ አለ፤ ነገር ግን ታስሮ ነው የሚኖረው። በዋልካ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ በካልሲየም፣ በደጋው ቀይና አሲዳማ አፈር ደግሞ በብረትና በአሉሚኒየም ይታሰራል። አንዳንድ ባሲለሶችና ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ከዚህ የተወሰነውን ይፈታሉ። ከካልሲየሙ ጋር የታሰረው ይቀላቸዋል፤ ከብረቱ ጋር ያለው ይከብዳቸዋል። ጥሩ ረዳት ናቸው። ማሳው ፎስፈረስ ጨርሶ ካነሰው ግን የሌለውን አያመጡትም። ከአየር የሚመጣ ፎስፈረስ የለም።

«ለባቄላ የሚሸጠው ዱቄት ለቲማቲምም ይሆናል»

አይሆንም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቀዋል። እንዲህ ያለ ምክር ደግሞ የገበሬን ገንዘብ ሜዳ ላይ ይበትናል።

የባቄላ፣ የሽምብራ፣ የምስር፣ የማሾና የአኩሪ አተር ባክቴሪያ ራይዞቢየም ይባላል። በአገር ውስጥም ይመረታል፤ መናገሻ ባዮቴክ ለጥራጥሬ የሚሆኑ ዓይነቶችን ያመርታል። ይህ ባክቴሪያ ከጥራጥሬ ሥር ጋር ቃል ኪዳን አለው ቢባል ይቀላል። ሥሩ ባክቴሪያውን ያውቀዋል፣ ያስገባዋል፣ እባጭ ሠርቶ ያኖረዋል፣ ስኳር ይመግበዋል። ባክቴሪያውም በልዋጩ ናይትሮጅን ይሰጠዋል። እዚህ ላይ መጠኑ ትልቅ ነው፤ ጥሩ የያዘ ባቄላ በሄክታር 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊያገኝ ይችላል። ጸሐፊው ይህን የባቄላ ቁጥር አንስተው ለቲማቲም የሰጡት ይመስለኛል።

ቲማቲም ሥር ላይ እንዲህ ያለ እባጭ አይበቅልም። ባክቴሪያውን የሚያስገባበት በር የለውም። እንዲያውም ቲማቲም ሥር ላይ እባጭ ካያችሁ ደንግጡ፤ የሥር ትል ነው። ብዙ ሰው ይህን አሳስቶ «ባክቴሪያው ያዘልኝ» ብሎ ሲደሰት አይቻለሁ። መለያው ቀላል ነው። የባቄላ እባጭ ከሥሩ ጎን ተለጥፎ ስለሚቀመጥ በጣት ስትነኩት ይላቀቃል። በጥፍር ስትከፍሉት ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ወይ ገና ነው፣ ወይ አልሠራም፣ ወይ ደክሟል። የትል እባጭ ግን ሥሩ ራሱ አብጦ ነው፤ ሥሩን ሳትበጥሱ አታወጡትም።

ያ ማለት ግን የጥራጥሬው ባክቴሪያ ለቲማቲም አምራች ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ዞሮ ይመጣል። ቃሉ ማሾ የሚዘራበት አገር ነው። ማሾውን በባክቴሪያው አሽቶ የዘራ፣ ፍሬውን ከለቀመ በኋላም ሥሩንና ገለባውን ማሳው ላይ የተወ ሰው፣ ቀጥሎ የሚተክለው ቲማቲም ከዚያ ይበላል። ሌላም ጥቅም አለው። ማሾ ከቲማቲም ቤተሰብ ውጭ ስለሆነ የበሽታውን ሰንሰለት ይቆርጣል። ቲማቲም በድንች፣ ድንቹ በቃሪያ፣ ቃሪያው በቲማቲም እየተተካ የሚሄድበት ማሳ ግን ማፈራረቅ ይምሰል እንጂ አላፈራረቀም። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። አንዱን የያዘው ሌላውንም ይይዘዋል።

«አጠውልግ የያዘውን ማሳ ያድናል»

ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነጥብ ነው። አጠውልግ የገባበት ማሳ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ ከአፉ አይወጣም። ጠዋት ደህና የነበረ ተክል ቀትር ላይ ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። ማታ ትንሽ ያገግማል። ከጥቂት ቀን በኋላ አረንጓዴ እንደሆነ ይሞታል። ቅጠሉ ብጫ ለመሆን እንኳ ጊዜ አያገኝም።

መጀመሪያ በሽታው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ተክል የሚያጠወልግ ነገር ብዙ ነው፤ ራልስቶኒያ የሚባለው ጎጂ ባክቴሪያ አለ፣ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ አለ፣ የውሃ ጥም አለ፣ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ መታፈኑም አለ። ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጥርት ያለ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከጠወለገው ተክል ከመሬት ጠጋ ካለው ግንድ ላይ ጣት የምታክል ቁራጭ ቁረጡ። በእጃችሁ ወይም በክር ይዛችሁ የታችኛውን ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ አስገቡ። አታንቀሳቅሱት። ራልስቶኒያ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር እየወረደ ወደ ብርጭቆው ታች ይዘልቃል። ያ ክር ባክቴሪያ ነው። ፉዛሪየም ከሆነ እንዲህ ያለ ክር አይወርድም፤ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ በአንድ ጎን ብጫ ሆኖ ይጀምራል፣ ግንዱን ስትሰነጥቁትም ቡናማ መስመር ታያላችሁ።

ክሩን ካያችሁ በኋላ ያንን ተክል የሚያድን ነገር የለም። መድኃኒትም፣ ጠቃሚ ባክቴሪያም አያድነውም። በሽታው የውሃ መተላለፊያውን ቱቦ ሞልቶታል። አንዳንድ ባሲለስና ሱዶሞናስ ዝርያዎች በሽታውን እንደሚቀንሱ በጥናት ታይቷል። ግን የሚሠሩት ቀድመው ከገቡ ነው። በችግኝ መደብ ላይ ሥሩን ቀድመው ይዘው ለጎጂው ቦታ ሲያሳጡት፣ አንዳንዴም የሚገድለውን ንጥረ ነገር ሲያመነጩ ይከላከላሉ። መከላከልና ማዳን ለየቅል ናቸው።

ጉዳቱ ደግሞ በባከነው ገንዘብ ብቻ አያበቃም። «ባክቴሪያ ስለጨመርኩበት ይድናል» ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ የታመመውን ተክል አይነቅልም። በዚያው ቦይ ውሃ ይለቃል። ውሃው በሽታውን ይዞ ወደ ታችኛው ረድፍ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት ማሳ ይወርዳል። ራልስቶኒያ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሞቀ አፈርም ይመቸዋል፤ ስለዚህ ኮምቦልቻና ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላማ ማሳ ከደሴ የባሰ ይጋለጣል። ክሩን ያየ ሰው ተክሉን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅሎ ከማሳው ያውጣ። ወደ ቦይ አይጣል፣ ለኮምፖስትም አይጠቀምበት። መቆፈሪያውን ይጠብ። እዚያ መሬት ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ቲማቲምና ዘመዶቹን አይትከል። ከደጋ የሚመጣውን ዘር ድንችም ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ አያስገባ። ሥራው አድካሚ ነው፣ ጠርሙስ እንደመግዛት አይቀልም፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

«የትም ቢቀመጥ አይበላሽም፣ ከምንም ጋር ይረጫል»

ህያው ማዳበሪያ የተባለው በውስጡ ሕይወት ስላለው ነው። ሕይወት ያለው ነገር ይሞታል። ከደሴ የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሙቀቱ እንዴት እንደሚቀየር ታውቁታላችሁ። በበጋ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤት የሆነ ሱቅ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ እያገኘው የተደረደረ የባክቴሪያ ፓኬት አይቻለሁ። ባለሱቁ ጥፋት የለበትም፤ ማንም አልነገረውም። ነገር ግን ከዚያ ፓኬት ውስጥ በሕይወት ያለ አዞስፒሪለም አገኛለሁ ብዬ አልጠብቅም። ገበሬው የሚገዛው በከሰልና በአፈር የታሸገ ሬሳ ነው።

ሁሉም እኩል አይደሉም። ባሲለስ ክፉ ቀን ሲመጣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ ራሱን ያቆያል። ስለዚህ ሙቀትንና ጊዜን ይችላል። አዞስፒሪለምና ሱዶሞናስ ይህ የላቸውም፣ ቶሎ ይሞታሉ። እንደኛ ባለ ቦታ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ሱቅ በኩል አልፎ ማሳ ለሚደርስ ምርት፣ ባሲለስ ያለበትን አስቀድማችሁ ፈልጉ እላለሁ። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ስም፣ በአንድ ግራም ወይም ሚሊ ሊትር ያለው ብዛት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፉን እዩ። ብዛቱ በመቶ ሚሊዮኖች ካልተቆጠረ ብዙ አትጠብቁ። ስሙ የሌለበትን፣ «ተአምረኛ» ብቻ የሚለውን ግን እዚያው ተዉት።

ከመድኃኒት ጋር ስለመደባለቁም ያው ነው። ለፈንገስም ለባክቴሪያም የሚረጨው ኮፐር (መዳብ) ያለበት መድኃኒት ባክቴሪያ ይገድላል። ሥራው ነውና ጠቃሚና ጎጂ አይለይም። በጀርባ መርጫ አንድ ላይ ቀላቅሎ መርጨት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። የከተማ ቧንቧ ውሃም ክሎሪን አለበት። ባልዲውን ከፍታችሁ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ችግኙን ንከሩና ፀሐይ በረድ ሲል ወዲያው ትከሉት፣ ውሃ አጠጡት። ዩሪያውና ኤንፒኤሱ ከተነከረው ሥር ጋር ፊት ለፊት አይገናኝ፤ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። የማዳበሪያው ጨው ባክቴሪያውን ያደርቀዋል።

«ፍግና ኮምፖስት የድሮ ድካም ናቸው»

ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ባክቴሪያው ምን በልቶ እንደሚኖር የረሱት ይመስለኛል። ብስባሽ በሌለው አፈር ላይ ባክቴሪያ መጨመር፣ ዱቄት ሳያቦኩ እርሾ እንደማፍሰስ ነው። አፈር ውስጥ ካርቦን ከሌለ አዲስ የገባው ባክቴሪያ ይራባል፣ ከነባሮቹ ጋር ተሻምቶ ይሸነፋል፣ በጥቂት ሳምንት ቁጥሩ ይመነምናል። በብዙ ሙከራ ላይ ባክቴሪያው «አልሠራም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የኛ አገር ችግር ደግሞ እዚህ ላይ ይብሳል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ገለባውን ከብት ይበላዋል። ማሳው ላይ የሚቀረው ባዶ አፈር ነው። እናቶችን በኩበት ለምን ታበስላላችሁ ብዬ አልወቅስም፤ እንጨቱ ከየት ይምጣ? ነገር ግን ለቲማቲም የሚሆን ትንሽ መሬት ያለው ሰው፣ ቢያንስ ለዚያች መሬት የሚሆን ኮምፖስት ከቤት ጥራጊ፣ ከአረም፣ ከጫት ገረባና ከአመድ ማዘጋጀት ይችላል። በየተከላ ጉድጓዱ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ጨምሮ ባክቴሪያውን ያስከተለና ባዶ መሬት ላይ ባክቴሪያ ያፈሰሰ ሰው አንድ ውጤት አይጠብቁ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ኮምፖስቱን ምረጡ እላለሁ።

የስኳርና የእርጎው ነገር ብዙ አያስኬድም። እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የወተት እንጂ የቲማቲም ሥር ወዳጅ አይደለም። ስኳር ውሃ ደግሞ የገባበትን ሁሉ ያራባል፣ መርጦ አያሳድግም። ጽሑፉ አንድ ጭልፋ እበት ጨምሩበት ማለቱ ይበልጥ ያስፈራል። ከእበት ጋር የሆድ በሽታ የሚያመጡ ተህዋስያን ሊገቡ ይችላሉ፤ በስኳር ሲቀለቡም ይበዛሉ። ቲማቲም ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሬውን በሰላጣ የሚበላ ነው። እንዲህ ያለ ውህድ ፍሬ በያዘ ተክል ላይ መርጨት በሰው ቤት ሕፃናት ላይ መፍረድ ነው። እበት በደንብ ተብላልቶ ኮምፖስት ይሁን፤ እዚያ ሲግል ብዙው ተህዋስ ይሞታል።

ከደሴ እስከ ከሚሴ አንድ ዓይነት ነው ለተባለውም አንድ ቃል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያውም ይቀዘቅዛል፣ ሥራው ይንቀራፈፋል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ጓሮ የተሞከረው ለሐርቡ ማሳ ማስረጃ አይሆንም፤ የሐርቡም ለደሴ አይሆንም።

ታዲያ በምን እንወቅ? ሥራው ይሞከራል። ጽሑፉ ግን ስለ ሙከራ አንድ መስመር አልጻፈም። ከአንድ መደብ፣ በአንድ ቀን የተፈላ፣ አንድ ዓይነት ዘር የሆነ ችግኝ ውሰዱ። ማሳውን በርዝመቱ ክፈሉትና ጥቂት ረድፍ በባክቴሪያ፣ ጥቂት ረድፍ ያለ ባክቴሪያ ትከሉ። እያፈራረቃችሁ እንጂ አንዱን ከውሃው መግቢያ ሌላውን ከመጨረሻው አታድርጉ፤ ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው ሁልጊዜም የተሻለ ይመስላል። ያልታከመውን ቀድማችሁ ትከሉ፣ ባክቴሪያ የነካ እጅ ወደዚያ እንዳይሄድ። ዩሪያውን በሁለቱም ላይ ቀንሳችሁ፣ ሌላ ጥቂት ረድፍ ደግሞ እንደ ወትሮው ሙሉውን ስጡት። ይህን ሦስተኛውን ካልጨመራችሁ ምን እንዳተረፋችሁ ማወቅ አትችሉም። ከዚያ ከመጀመሪያው ለቀማ እስከ መጨረሻው የየረድፉን ምርት ለብቻ መዝኑ። በቅጠሉ ማማር አትፍረዱ። የሚሸጠውን ፍሬና የሚጣለውንም ለዩ።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው «ውጤቱ በዓይን የታየ ነው» ብለዋል። እንግዲያው ያዩትን ማሳ ይንገሩን። የት ነበር? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ከሱ በፊት ምን ተዘርቶበት ነበር? ባክቴሪያውስ የትኛው ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ባክቴሪያ ሳይደረግበት አጠገቡ የቀረው ረድፍ ስንት ሳጥን ሰጠ? ይህን ካመጡልን የጻፍኩትን ቁጥር ከሳቸው ቁጥር ጎን አስቀምጬ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። እስከዚያው ድረስ ግን ለተከላ የተዘጋጃችሁ የቃሉና የኮምቦልቻ አምራቾች፣ ዩሪያችሁን አትጣሉ።